ሁሉም የከፈተው ፋይል

በዚያ መሥሪያ ቤት ስሜን የሚጠራ ሰው አልነበረም። ሥራዬ ኮምፒውተር ስለሆነ "አይቲ" ነበር የሚሉኝ። "አይቲ፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ያዘ።" "አይቲ፣ ኢንተርኔቱ ጠፋ እንዴ?" ከቦሌ አራብሳ በጠዋት ተነስቼ፣ መገናኛ ላይ ተሰልፌ፣ ገርጂ ስደርስ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ሁለት ሰው ይጠብቀኛል። መጥፎ ሥራ አልነበረም። እንዲያውም የት ትሠራለህ ሲሉኝ ደስ እያለኝ ነበር የምመልሰው። ድርጅቱ በባል ወይም በዘመድ ለሚደበደቡ ሴቶች የሚደርስ ነው። ጠበቃ ያቆምላቸዋል፣ ከአማካሪ ያገናኛቸዋል፣ መግቢያ ላጣች ማደሪያ ይሰጣታል።

ቢሮው ድሮ አንድ ሰው ለቤተሰቡ የሠራው ቪላ ነው። ሳሎኑ እንግዳ መቀበያ ሆኗል፣ መኝታ ቤቶቹ ቢሮ፣ ማድ ቤቱ ደግሞ መዝገብ ቤት። እዚያ ማድ ቤት ውስጥ ሦስት የብረት ካቢኔቶች ነበሩ። ቁልፋቸውን የሚይዙት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ሲሆኑ ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ፋይል የፈለገ ሰው፣ ዳይሬክተሯም ብትሆን፣ የእትዬ ደብተር ላይ ሳይፈርም አያገኝም። ደብተሩ ላይ "ለምን" የሚል ዓምድ አለ። አንዱ "ለማየት" ብሎ ከጻፈ እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "የሚታየው ቴሌቪዥን ነው፤ ለምን ጉዳይ ነው የፈለግኸው?" ብለው ይመልሱታል። ከኋላቸው እንስቅባቸው ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

ከዚያ ክላውድ መጣ። ዳይሬክተሯ ውጭ አገር አንድ ስብሰባ ላይ ሰንብታ ስትመለስ፣ ከእንግዲህ ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ላይ በሚቀመጥ ሲስተም ነው የሚሠራው አለች። ለጋሾቹም ይፈልጉታል። ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ያለ ሆቴል አዳራሽ ተከራይተን፣ ኬክ ቆርሰን፣ "ከወረቀት ነፃ" የሚል ባነር ሥር ተሰልፈን ፎቶ ተነሳን። ሥልጠናው ከኬኩ በኋላ ነበር። እኔ ስለ ፓስወርድ መናገር ስጀምር ግማሹ ሰው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጥቷል። የቀረው ግማሽ ስልኩን ነበር የሚያየው።

አሮጌዎቹን ፋይሎች ስካን አድርጎ የማስገባቱ ሥራ የእኔ ሆነ። ሁለት ወር ያህል ከእትዬ ጋር ማድ ቤቱ ውስጥ ተቀመጥን። እሳቸው ስቴፕሉን ይነቅላሉ፣ እኔ ወረቀቱን ማሽኑ ላይ እዘረጋለሁ። አንድ ቀን ሥራቸውን ሳያቋርጡ ጠየቁኝ።

"እዚያ ከገባ በኋላ ማን እንዳየው በምን ታውቃለህ?"

"ሲስተሙ ራሱ ይመዘግባል እትዬ። ማን እንደከፈተው፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ።"

"ከእኔ ደብተር ይሻላል በለኛ።"

"በጣም ይሻላል።"

"እሱንስ ማን ያነበዋል?"

ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው አላስታውስም። የሚያነበው ሰው እንደሌለ ግን አውቅ ነበር። ሥራው እንዳለቀ ጡረታ ወጡ። ጋቢ ሸልመን፣ አጨብጭበን ሸኘናቸው፤ ካቢኔቶቹን ለቁራሌው ሸጥናቸው።

ሲስተሙን ስዘረጋ መጀመሪያ እንደ ደንቡ ነበር ያደረግሁት። የምክር ፋይል ለአማካሪዎች ብቻ፣ የክስ ፋይል ለጠበቆች ብቻ። አንድ ሳምንት አልሞላውም። ሪፖርት ጸሐፊው "አልከፈት አለኝ" እያለ ይደውላል። የፋይናንስ ኃላፊዋ አኩርፋለች። የሰው ኃይል ኃላፊው፣ ሃምሳን ያለፈ፣ ጠዋት ጠዋት የሠራተኛውን ጸሎት የሚመራ ሰው፣ ክፍሌ ድረስ መጥቶ "እኔ ኃላፊ ሆኜ በር ይዘጋብኛል?" አለኝ። በመጨረሻ ዳይሬክተሯ አስጠራችኝ።

"ስማ፣ እኛ ቤተሰብ ነን" አለችኝ። "እዚህ ቤት ሚስጥር የለም። ክፈትላቸው።"

ሚስጥሩ የእኛ ሳይሆን የሴቶቹ ነው ማለት ነበረብኝ። "እሺ ዶክተር" ነው ያልኩት። ወንበሬ ላይ ተመልሼ "ሁሉም ሠራተኛ" የሚለውን ተጫንኩ። ያን ቀን ከሰዓት ስልኬ አንድ ጊዜም አልጮኸም፤ እፎይ ብዬ ማኪያቶ ልጠጣ ወጣሁ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ።

ከዚያ ከለጋሾቹ ደብዳቤ መጣ። የተገልጋዮችን መረጃ እንዴት እንደምትይዙ መርምሩና ጉድለቱን አስተካክላችሁ አሳውቁን ይላል። አብሮት ረዥም መጠይቅ አለ። ዳይሬክተሯ ወረቀቱን ሰጠችኝና "ቶሎ ጨርሰው፣ ብዙ አትመራመር" አለችኝ።

መጀመሪያ ያገኘሁት የማውቀውን ነው። ሥራ የለቀቁ ሰዎች አካውንት ዛሬም ይሠራል። ሾፌሮቹ በሙሉ በአንድ አካውንት ይገባሉ፤ ፓስወርዱ ፕሪንተሩ ጎን ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። ሁሉም በየፊናው "የእኔ" የሚል ፎልደር ፈጥሮ ያሻውን ገልብጦበታል። አፈርኩ እንጂ አልገረመኝም።

ቀጥዬ የትኛው ፋይል ስንት ጊዜ እንደተከፈተ የሚያሳየውን ዝርዝር አወጣሁ። ከላይ ይመጣል ብዬ የጠበቅሁት ያን ሰሞን ፍርድ ቤት የቆመ አንድ ትልቅ ጉዳይ ነበር። ከሁሉም በላይ የተቀመጠው ግን ከዓመታት በፊት የተዘጋ፣ ከእትዬ ካቢኔት የወጣ አሮጌ ፋይል ነው። ማንም በሥራ ምክንያት ሊነካው የማይገባ ፋይል። ስሙን አንብቤ ተነሳሁና የክፍሌን በር ዘጋሁ።

የእንግዳ ተቀባያችን ፋይል ነበር።

ከየት አገር እንደመጣች ሆን ብዬ እተወዋለሁ። በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ያለች፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ የምትዘምር፣ ስልክ ስታነሳ ድምፅዋ ሰው የሚያረጋጋ ሴት ናት። ፊቷ ያበጠ ሴት ከበር ስትገባ ሌሎቻችን እንርበተበታለን፣ ወይ ቅጽ ይዘን እንቀርባለን። እሷ ምንም አትጠይቅም። ውሃ ትቀዳላታለች፣ ከዚያ አጠገቧ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ሴትየዋ በራሷ ጊዜ ማውራት ትጀምራለች። ራሷ የድርጅቱ ተገልጋይ እንደነበረች፣ ጉዳይዋ ካለቀ በኋላ እንደተቀጠረች፣ ከዳይሬክተሯና ከአንዲት አማካሪ በቀር ማንም አያውቅም ነበር የሚባለው።

እኔ አውቅ ነበር። ስካን ሳደርግ ነው ያወቅሁት። ሦስተኛው ሰው እኔ ነኝ፣ ከእኔም አያልፍም ብዬ ነበር የማስበው። ፋይሉን ማን ማን እንደከፈተው የሚያሳየውን ዝርዝር ከታች ጀምሬ ሳነብ የመጀመሪያው ስም የራሴ ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ ይላል። ወረቀቱ ሳይጣመም መግባቱን ለማረጋገጥ አንድ ደቂቃ ይበቃል። አሥሩን ደቂቃ ቁጭ ብዬ አንብቤያለሁ። የሥራዬ አካል ነው ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር፤ አሁን ቁጥሩ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

ከእኔ በላይ የሌሎቹ ስም ይቀጥላል። የፋይናንስ ኃላፊዋ። ከፕሮግራም ክፍል ሁለቱ። ሪፖርት ጸሐፊው። የሾፌሮቹ የጋራ አካውንት። የሰው ኃይል ኃላፊው አሥራ ዘጠኝ ጊዜ፤ አንዴም ወደ ራሱ ኮምፒውተር አውርዶታል። ሰዓቱን አየሁት። አብዛኛው ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ነው። ምሳቸውን እየበሉ ነው የሚያነቡት።

ወጥቼ እጄን ታጠብኩ። ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም፤ የነካሁት ነገር አልነበረም። ያን ቀን ምሳ ክፍል ስገባ ሁሉም እንደ ልማዳቸው ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። የሰው ኃይል ኃላፊው ባርኮ ምሳ ዕቃውን ከፈተ፤ ጣቱን እየላሰ "ና እንጂ አይቲ፣ እጅህን ስደድ" አለኝ። ፆም ነኝ ብዬ ወጣሁ። ፆም አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ ትዝ አለኝ። ከወራት በፊት የስብሰባ ክፍሉ ቁልፍ ጠፍቶ ሁላችንም ኮሪደር ላይ ቆመን ነበር። የሰው ኃይል ኃላፊው ወደ እንግዳ ተቀባይዋ ዞሮ "እሷን ጠይቋት፣ የተቆለፈ በር ልማዷ ነው" አለ። ሦስት አራት ሰው ሳቀ። እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ወረቀት ማስተካከል ጀመረች። ፋይሉ ውስጥ ያለው ይህ ነው፤ ባሏ ሥራ ሲሄድ ከውጭ ቆልፎባት ይሄድ ነበር፣ ለሳምንታት። ያኔ ሰምቼ ደንግጫለሁ። ግን የአጋጣሚ ቃል ነው ብዬ አለፍኩት። እንዲያልፍ ስለፈለግሁ ነው ያለፈው።

በማግስቱ ዝርዝሩን አትሜ ዳይሬክተሯ ጋ ገባሁ። ቆማ አነበበችው። ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

"የእኔ ስምስ?"

"ሁለት ጊዜ አለ። ያኔ የቅጥር ኮንትራቷ የታደሰ ጊዜ።"

"ጥሩ" አለችና ተቀመጠች። "ሪፖርቱ ላይ 'የፋይል ፈቃድ አሰጣጥ ላይ ክፍተት ተገኝቶ ተስተካክሏል' በል። ስም አያስፈልግም።"

"ዶክተር፣ ሰዎቹስ?"

"ምን ላድርጋቸው? ግማሹን ሠራተኛ ላባርር? እነሱ ሲባረሩ ለምን ተባረሩ ይባላል፤ ስሟ ይበልጥ ይነሳል። ለእሷ ብዬ ነው።"

"ለእሷስ አንነግራትም?"

"የዳነ ቁስል አትንካ" አለችኝ። ዝርዝሩን አጣጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። የዚያን ዕለት ያስጠላኝ የመለሰችልኝ መልስ አይደለም። መልሱ ትክክል መምሰሉ ነው። ከክፍሏ ስወጣ እኔም ለአፍታ አምኜላት ነበር።

አራት ቀን ዝም አልኩ። በየጠዋቱ በሳሎኑ ሳልፍ "ደህና አደርክ አይቲ" ትለኛለች፤ እኔ ግድግዳውን እያየሁ እመልሳለሁ። በአምስተኛው ቀን ከሥራ መውጫ ላይ አንድ ጭማቂ ልጋብዝሽ አልኳት። ከቢሮው ሁለት መታጠፊያ አልፎ ያለ ጭማቂ ቤት ገባን። የአቮካዶው ብርጭቆ ፊቷ ተቀምጦ ነገርኳት። ፋይልሽ ለሁሉም ክፍት ነበር፣ ብዙ ሰው አንብቦታል አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች።

"መቼ?" አልኳት።

"አምና ነው ያወቅሁት። የሰው ኃይሉ 'ልጅሽ እንዴት ነው?' ብሎ ስሙን ጠርቶ ጠየቀኝ። እዚህ ቤት የልጄን ስም ለማንም ነግሬ አላውቅም። ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው ያለው።" ማንኪያዋን ብርጭቆው ውስጥ አዞረችው። "ከዚያ በኋላ ሰላምታ ሲሰጡኝ የትኛው ገጽ ላይ እንደደረሱ ነው የማስበው።"

"ለምን አልተናገርሽም?"

"ለማን?"

ቀና ብላ አየችኝ።

"አንተስ?"

"አንብቤዋለሁ። ስካን ሳደርግ።"

"እስከ መጨረሻው?"

"እስከ መጨረሻው።"

አልተቆጣችም። ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው፤ ሌላ ምንም አላደረገችም። የምትነሳ መስሎኝ ነበር። ቆይታ ግን "እኔ አላየሁትም" አለች። "ሁላችሁም አይታችሁታል፣ እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት። አሳየኝ።"

ለሷም ክፍት እንደነበረ ልነግራት ፈልጌ ተውኩት። በየቀኑ ከምትሠራበት ኮምፒውተር በሁለት ጠቅታ ልታየው ትችል ነበር። የሰው ፋይል መክፈት ነውር ነው ብላ የኖረች እሷ ብቻ ነበረች፤ የራሷንም ሳይቀር።

ቅዳሜ ጠዋት ማንም ሳይኖር ቢሮ ተገናኘን። ፋይሉን ከፍቼላት ወንበሬን ለቅቄ መስኮቱ አጠገብ ቆምኩ። ቀስ ብላ፣ በጣቷ ስክሪኑን እየተከተለች አነበበች። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ።

"እዚህ ጋ ምንድነው የሚለው?"

ቀርቤ አየሁት። "ተገልጋይዋ በፈቃዷ ወደ ትዳሯ ተመልሳለች" ይላል፤ መጀመሪያ ማደሪያ ከገባች ከአንድ ወር በኋላ የተጻፈ ነው።

"በፈቃዴ?" አለች። ያን ጊዜ ነው ድምፅዋ የተለወጠው። "ልጄን ላወጣ ነው የተመለስኩት። ልጁ እዚያ ቀርቶ ነበር። ለአማካሪዋ ነግሬያታለሁ። ይሄ ሁሉ ሰው በፈቃዷ ተመለሰች ብሎ ነው ያነበበው?"

"እኔም እንደዚያ ነው ያነበብኩት" አልኳት።

"አስተካክለው።"

የተጻፈውን መሰረዝ አይቻልም፤ ሲስተሙ አይፈቅድም፣ መፍቀድም የለበትም። ማስታወሻ መጨመር ግን ይቻላል። ወንበሩን ለሷ ትቼ በራሷ አካውንት አስገባኋት፤ በሁለት ጣቷ እየፈለገች ጻፈች። "የተመለስኩት ልጄን ለማውጣት ነው። በፈቃዴ አይደለም። ልጄን ይዤ ወጥቻለሁ። ይህን የጻፍኩት የፋይሉ ባለቤት እኔ ነኝ።" ሁለት ጊዜ አነበበችውና አስቀመጠችው። ከዚያ ፋይሉን ጉዳይዋን ከምታውቀው አማካሪ በቀር ለማንም እንዳይከፈት አድርጌ ዘጋሁት። "የአንተስ?" አለችኝ። የእኔንም ዘጋሁ። ሲስተሙን የማስተዳድረው እኔ ስለሆንኩ በኃይል ልከፍተው እችላለሁ፤ ከከፈትኩት ግን በዚያው ቅጽበት ለአማካሪዋ መልእክት እንዲደርሳት አደረግሁና እዚያው ሞክሬ አሳየኋት። ራሷን ነቀነቀች። በሩ ላይ ስትደርስ "እግዚአብሔር ይስጥህ አልልህም" አለችኝ። ትክክል ነበረች።

ሰኞ ዕለት ሁሉንም ዘጋሁት። ዳይሬክተሯን አላማከርኩም፤ መጠይቁ ላይ ተስተካክሏል ብለው ፈርመዋልና አስተካክያለሁ የሚል ደብዳቤ በአክብሮት ቋንቋ ጽፌ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩ። የጋራ አካውንት ተሰረዘ። የለቀቁ ሰዎች ተዘጋባቸው። "የእኔ" የሚሉት ፎልደሮች ተነሱ። የተገልጋይ ፋይል የሚከፍት ሰው ከመክፈቱ በፊት ምክንያቱን መጻፍ አለበት፤ የእትዬን "ለምን" እንዳለ መለስኩት። ለምን እንደሳቅንባቸው እያሰብኩ ነበር የምሠራው።

የሰው ኃይል ኃላፊው እስከ ረፋዱ አልቆየም። ሲመጣ በሩን አላንኳኳም።

"ሌባ ነን እንዴ?" አለኝ። "ምን ወሰድን?"

"ያወረዱትን ፋይል ከኮምፒውተርዎ ላይ አጥፍቼዋለሁ" አልኩት።

ፊቱ ትንሽ ተለወጠና ድምፁን አለሰለሰ። "ስማ ልጄ፣ እኔ አዝኜላት ነው ያነበብኩት። እንባዬ እየወረደ ነው ያነበብኩት። ልጸልይላት ብዬ ነው።"

"አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አለቀሱ?"

ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። ሌሎቹም አላናገሩኝም። ምሳ ክፍል ስገባ ወሬ ይቆማል፤ ሻይ ሳመጣ ስኳሩን ማንም አያቀብለኝም። ይሄ አልከበደኝም። የከበደኝ ሌላ ነው። ከሰዎቹ አንዱም ወደ እሷ ሄዶ ይቅርታ አለማለቱ ነው። ሁሉም የተቀየሙት በር የዘጋባቸውን ሰው ነው።

እሷ በወሩ መጨረሻ ለቀቀች። የስንብት ዝግጅት እናድርግልሽ ሲሏት አልፈልግም አለች። የሰው ኃይል ኃላፊው መልቀቂያዋ ላይ "በራሷ ፈቃድ" ብሎ ጻፈ። ደንቡ ነው፤ ሁሉም መልቀቂያ ላይ እንደዚያ ነው የሚጻፈው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ለጋሾቹ በሥራችን ተደሰቱ። በዚያው ዓመት የተገልጋይን ሚስጥር በመጠበቅ ምሳሌ የሚሆን ድርጅት ተብለን፣ ተሞክሯችንን ለሌሎች እንድናካፍል ተጠየቅን። እንደገና ሆቴል፣ እንደገና ባነር። ዳይሬክተሯ የእኔን ስላይድ እያሳየች ተናገረች። "ችግሩን ራሳችን ነን ያገኘነው" ስትል አዳራሹ አጨበጨበ። ከእሷ ቀጥሎ የሰው ኃይል ኃላፊው ስለ ሠራተኛ ሥነ ምግባር ንግግር አደረገ። የሴት ልጅ ክብር የሚል ቃል ደጋግሞ ተጠቀመ፤ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ተቆራረጠና መሐረቡን አወጣ። ከጎኔ የተቀመጠች የሌላ ድርጅት ሴት "እንዴት ያለ ሰው ነው" አለችኝ በእውነት ተነክታ። ያን ጊዜ ተነስቼ ልናገር እችል ነበር። ብናገር ደግሞ ስለማን እንደሆነ ሁሉም ይጠይቃል። መጸዳጃ ቤት ሄጄ ፊቴን ታጥቤ በዚያው ወጣሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ሥራ አግኝቼ ለቀቅሁ።

ባለፈው ክረምት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ከአንድ ካፌ ስወጣ ከሰው ኃይል ኃላፊው ጋር ፊት ለፊት ተጋጠምን። ሸብቷል፤ ደስ ብሎት ነበር።

"አይቲ፣ ጠፋህ እኮ" ብሎ እጁን ዘረጋ። ጨበጥኩት። ለምን እንደጨበጥኩት ዛሬም አላውቅም፤ እጅ ሲዘረጋ መጨበጥ ልማድ ነው። ስለ ኑሮ፣ ስለ መንገዱ ግንባታ፣ ስለ ዝናቡ አወራ። ከዚያ እጄን ሳይለቅ ጠጋ አለኝ።

"ያቺ ልጅስ ምን ሆነች? የት ገባች? አንዳንዴ ትዝ ትለኛለች።"

የት እንደምትሠራ አውቃለሁ። ልጇ ስንተኛ ክፍል እንደሆነም አውቃለሁ። ይህን እንድጽፍ ስጠይቃት አስባ የፈቀደችልኝ እሷ ናት፤ የቱን መጻፍ የቱን መተው እንዳለብኝም ነግራኛለች።

"አላውቅም" አልኩትና እጄን አስለቅቄ ታክሲ ወደሚያዝበት ተሻገርኩ።